የፈረንጅ ቃሪያ ጉለሌም ይበቅላል፤ የዘሩ ማሸጊያ ግን አማርኛ ይናገር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት ስለ ጓሮ አትክልት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ስለ ጎመኑ፣ ስለ ቆስጣው፣ ስለ ሰላጣው የተባለው ሁሉ ጥሩ ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን ቅር አለኝ። የፈረንጅ ቃሪያ የሞቃት አገር ተክል ስለሆነ ለአዲስ አበባ ጓሮ አይመከርም ይላል። እሱን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ የምኖረው ጉለሌ ነው፣ የእንጦጦ ብርድ በቀጥታ የሚወርድበት ሰፈር። ጓሮዬ ቢበዛ 4 ሜትር በ3 ሜትር ነው። በዚያች ቦታ አራት ዓመት የፈረንጅ ቃሪያ ተክያለሁ። ሁለቱ ዓመት አልተሳካልኝም፣ በሁለቱ ዓመት ደግሞ ቤተሰቤ ጠግቦ በልቶ ለጎረቤትም ተርፏል። ያልተሳካልኝ በብርዱ ብቻ አይደለም። ማወቅ የሚገባኝን ማንም ስላልነገረኝ ነው፤ ሊነግረኝ ይችል የነበረው ደግሞ እጄ ላይ የነበረው የዘሩ ማሸጊያ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት እንዲህ ሆነ። መስከረም ላይ ከአንድ የግብርና ዕቃ መሸጫ ዘር ገዛሁ። ማሸጊያው ላይ እንደ መስተዋት የሚያበራ ቀይ ቃሪያ ተስሏል። ገልብጬ ጀርባውን ሳይ አንድም የአማርኛ ፊደል የለበትም። ሻጩን "መቼ ነው የሚዘራው?" አልኩት። "እህቴ፣ እንደማንኛውም አትክልት ነው፣ ዝናቡ ሲያባራ ዝሪው" አለኝ። ልጁ ላይ አልፈርድበትም፣ እሱም ጽሑፉን ማንበብ አይችልም። ቤት ገብቼ አፈሩን ቆፍሬ እዚያው ዘራሁት። ከሦስት ሳምንት በላይ ምንም አልወጣም። ተስፋ ቆርጬ ሰላጣ ልዘራበት ስል ብቅ ብቅ አለ። ኅዳር ላይ ቁመቱ ስንዝር ሞላ፣ ልጆቼ ጠዋት ጠዋት ሄደው ያዩታል። ታኅሣሥ ላይ አንድ ሌሊት ውርጭ ወረደ። ጠዋት ስወጣ ቅጠሉ በሙሉ ጠቁሮ፣ የተቀቀለ ቆስጣ መስሎ ተኝቷል። አንድም አልተረፈም። ያን ቀን በጣም አዘንኩ፣ እውነቴን ነው።

አሁን የማውቀው ነገር ያኔ ማሸጊያው ላይ በሁለት መስመር ቢጻፍልኝ ይበቃኝ ነበር። ይህ ተክል ውርጭ አይችልም። ዘሩ ለመብቀል ሙቀት ይፈልጋል፤ አፈሩ 25 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይወጣል፣ ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ግን ይተኛል ወይም ይበሰብሳል። ስለዚህ በእኛ ሰፈር መጀመሪያ ችግኙ ቤት ውስጥ ይፈላል፣ ከዚያ ነው ውጭ የሚተከለው።

እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ሃይላንዶችን በቁመታቸው እቆርጥና ሥራቸውን በትኩስ ሚስማር እበሳለሁ። የበሰለ ብስባሽና አፈር ደባልቄ እሞላለሁ። ዘሩን ከጣት ጥፍር በማይበልጥ ጥልቀት አስቀምጬ፣ ከላይ በፌስታል ሸፍኜ፣ ፍሪጅ አናት ላይ አደርገዋለሁ። የፍሪጁ ሙቀት ትንሽ ቢሆንም ሌሊቱን ያሻግራል። ልክ ሲበቅል ፌስታሉ ይነሳል፣ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ ይቀመጣል። ብርሃን ካጣ ቀጥኖ ይወድቃል። እንደዚህ ሆኖ ሁለት ወር ተኩል ይቆያል። ወደ መጨረሻው ሳምንት ላይ ቀን ቀን እያወጣሁ፣ ማታ ማታ እያስገባሁ ነፋሱን አለማምደዋለሁ። የካቲት መጨረሻ ላይ ውርጩ ሲያልፍ፣ በመካከላቸው ክንድ የምታህል ቦታ ትቼ እተክላለሁ። ግንቦት መጨረሻ ላይ አረንጓዴውን መልቀም እጀምራለሁ። ሐምሌ ሳይገባ በላዩ ላይ በቀርከሃ ላስቲክ እወጥርበታለሁ፣ ምክንያቱም የጉለሌ በረዶ ቅጠሉን በአንድ ከሰዓት በኋላ ይበጣጥሰዋል። ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ያቆረበት መሬት ላይ ሥሩ ይበሰብሳል፣ መደቡን ከፍ አድርጎ መሥራት ግድ ነው። ድንች ወይም ቲማቲም የነበረበት ቦታ ላይ አትትከሉት፣ ዘመዳሞች ስለሆኑ በሽታቸው አንድ ነው።

ስለ ውሃው ግን ሰፋ አድርጌ ልጻፍ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ እኔም ተሳስቼ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ዘሩን ከሌላ ሱቅ ገዝቼ፣ አንድ የሚያውቅ ሰው ጠይቄ በጊዜው ተከልኩ። ፍሬው እንቁላል ሲያህል ከሥሩ በኩል፣ ጫፉ ላይ፣ ቡናማ ነጠብጣብ ታየኝ። ነጠብጣቡ ሰፋ፣ ጠቆረ፣ ቆዳው እንደ ወረቀት ሆነ። በሽታ ነው ብዬ መድኃኒት ልረጭ ነበር። በኋላ ስጠይቅ በሽታ አይደለም። በሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ውሃ በመጣ ቀን ተክሉን አጥለቀልቀዋለሁ፣ ከዚያ ለቀናት ደርቆ ይከርማል። ውሃው አንዴ በዝቶ አንዴ ሲጠፋ ተክሉ ካልሲየሙን ወደ ፍሬው ማድረስ አይችልም፣ ጫፉ ይሞታል። ብዙ ሰው የእንቁላል ቅርፊት ጨምሩ ይላል። ውሃው ካልተስተካከለ ቅርፊቱ ብቻውን አያድነውም። መፍትሔው እኩል ውሃ ነው። አሁን በየተክሉ ጎን አንድ ሃይላንድ ዘቅዝቄ ቀብሬያለሁ። ክዳኑ ላይ በመርፌ ሁለት ቀዳዳ አለው፣ ቂጡ ተቆርጧል። በየሁለት ቀኑ ከጀሪካን እሞላዋለሁ፣ ውሃው ቀስ እያለ ወደ ሥሩ ይወርዳል። አፈሩ ላይ ደረቅ ሣር ጎዝጉዤበታለሁ፣ ፀሐዩ እርጥበቱን እንዳይወስደው። ጥቁሩ ጫፍ ከዚያ ወዲህ ጠፋ።

ክሽክሽ፣ ቅጠሉን የምትመጠው ትንሿ ተባይ፣ ስትመጣ ደግሞ ወደ መርጫ አትሩጡ። ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩት፣ ሁልጊዜ ከሥሩ ነው የሚደበቀው። ጠዋት በውሃ አጥቡት፣ ካልሄደ ቀለል ያለ የሳሙና ውሃ ይበቃል። ዩሪያም አታብዙበት። ቅጠሉ ያምራል፣ ፍሬ ግን አይሰጥም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ዓመት ልምጣ፣ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ዋናው ነገር እሱ ነው።

የሁለተኛው ዓመት ፍሬ በጣም ደስ ስላለኝ ከትልቁ ቀይ ቃሪያ ላይ ዘር አስቀረሁ። እናቴም ከበርበሬዋ ዘር እንዲህ ነበር የምታስቀረው፣ ልዩነት አለው ብዬ አላሰብኩም። ጎረቤቴ እማማ፣ ዕድሜያቸው ከ80 ያለፈ፣ በአጥር በኩል ዘሩን ሳሰጣ አዩኝና "ልጄ፣ እሱን ከሀበሻ ቃሪያው ጎን አልነበር የተከልሽው? ይጋባል'ኮ" አሉኝ። ፍሬውን በልተነዋል፣ ማር ነበር፣ ምንም አላቃጠለም አልኳቸው። "የዘንድሮው አያቃጥልም፣ የከርሞው ነው" አሉኝ። በአክብሮት ሰማኋቸው፣ ግን አላመንኳቸውም።

በዓመቱ 9 ተክል አደረስኩ። ፍሬው ገና ከመጀመሪያው አንድ ዓይነት አልነበረም፤ አንዱ ወፍራምና አጭር፣ አንዱ ረጅምና ቀጭን፣ አንዱ የተጣመመ። አንድ እሑድ ወፍራም ወፍራሙን መርጬ በሩዝ ሞልቼ ለምሳ አቀረብኩ። ትንሿ ልጄ 7 ዓመቷ ነበር። የመጀመሪያውን ጉርሻ ሩዙን ብቻ በላች፣ ሁለተኛው ላይ ቃሪያውን ራሱን ገመጠችው። ፊቷ ወዲያው ቀላ። ምላሷን አውጥታ በሁለት እጇ ታራግብ ጀመር፣ ዕንባዋ ሳህኑ ላይ ይንጠባጠባል። ታላቅ ወንድሟ ውሃ አቀበላት፣ ባሰባት። እርጎ ሰጠኋት፣ እሱ ነው ትንሽ ያስታገሰላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለብዙ ጊዜ የፈረንጅ ቃሪያ ስታይ አፏን በእጇ ትይዝ ነበር። ከ9ኙ ተክል 4ቱ ያቃጥሉ ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ እማማ ቤት ሄጄ እንደነገሩኝ መሆኑን ነገርኳቸው።

እማማ ያሉት ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው፣ በመጽሐፍም ያለ ነው። የፈረንጅ ቃሪያና የሀበሻ ቃሪያ፣ በርበሬያችንም ጭምር፣ አንድ ዝርያ ናቸው። ንቡም ዝንቡም ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው ሲሄድ ያዳቅላቸዋል። የዘንድሮው ፍሬ ሥጋው የእናቲቱ ስለሆነ ጣዕሙ አይለወጥም፤ የተዳቀለው ውስጡ ያለው ዘር ነው። ማቃጠል ደግሞ ጠንካራ ባሕርይ ነው፣ ከወላጆቹ አንዱ የሚያቃጥል ከሆነ ልጁም ያቃጥላል።

ሁለተኛውን ነገር የነገረኝ ግን የሁለተኛው ዓመት ዘር ማሸጊያ ነው፣ ያውም ዘግይቶ። አልጣልኩትም ነበርና ለእህቴ ልጅ አሳየሁት። ጥግ ላይ፣ ከጤፍ በማይበልጥ ፊደል፣ "ኤፍ 1" ይላል። ድቅል ዘር፣ ሁለት የተለያዩ ወላጆች ተዳቅለው የተገኘ፣ ነው ማለት ነው። ድቅል ዘር መጥፎ አይደለም፣ እንዲያውም አንደኛ ዓመት ላይ ምርቱ ጥሩ ነው። ከሱ የምታስቀሩት ዘር ግን እናቱን አይመስልም፣ ይበታተናል፤ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን የሆነብኝ ለዚያ ነው። ይህን ባውቅ ኖሮ ዘር አላስቀርም ነበር፣ ልጄም አትቃጠልም፣ አንድ ዓመትም አይባክንብኝም ነበር።

በአራተኛው ዓመት ሻጩ ጋ ሄጄ ድቅል ያልሆነ እፈልጋለሁ ብዬ ድርቅ አልኩ። ካሊፎርኒያ ወንደር የሚባለውን አገኘሁ፣ ከድሮ ጀምሮ የቆየ ዝርያ ነው፣ ዘሩ ቢቀር ያንኑ ይወልዳል። ለዘር የምፈልገውን አበባ ገና እምቡጥ ሳለ፣ ሳይፈነዳ፣ በአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ አለበስኩት። ነጠላው ስስ ስለሆነ አየር ያሳልፋል፣ ንብ ግን አያስገባም። ተክሉ ራሱን በራሱ ያዳቅላል፣ ጠዋት ጠዋት በጣቴ ነካ ነካ አደርገዋለሁ። ፍሬ ሲይዝ ጨርቁን አንስቼ እግሩ ላይ ቀይ ክር አሰርኩ፣ ማንም እንዳይቀጥፈው። ዘሩ የሚወጣው ፍሬው ሙሉ በሙሉ ከቀላ በኋላ ነው። ከአረንጓዴው የወጣ ዘር ያልበሰለ ስለሆነ በደንብ አይበቅልም። ፀሐይ ላይም አይሰጣም፣ ጥላ ላይ ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር ልንገራችሁ። በሁለተኛው ዓመት ከተከልኩት አንዷን ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ሥር፣ ውርጭ የማይደርስባት ቦታ ላይ ነበር ያደረግኳት። እስከ ዛሬ አለች። ሦስተኛ ዓመቷ ነው፣ ግንዷ እንጨት ሆኗል፣ ዘንድሮም አፍርታለች። ቃሪያ የአንድ ዓመት ተክል ነው ብለን በየዓመቱ የምንነቅለው ሳያስፈልግ ነው። ውርጭ ካላገኘው ይኖራል።

ስለ ምግቡ ሳልጽፍ ብቀር ደስ አይለኝም። ብዙ ሰው የፈረንጅ ቃሪያን የሚያውቀው ጥብስ ውስጥ ነው፣ እሱንም አብዝቶ አብስሎ ይገድለዋል። ሥጋው ከደረሰ በኋላ፣ ከመውጣቱ ሁለት ሦስት ደቂቃ በፊት ነው የሚገባው፤ ሲነከስ ቀጭ ማለት አለበት። አረንጓዴው ለጥብስ ይሁን፣ ቀዩን ግን ለሌላ ነገር ተውት። አረንጓዴው ማለት ያልበሰለው ነው። ተክሉ ላይ ሁለት ሦስት ሳምንት ብትታገሱት ይቀላል፣ ስኳሩ ይጨምራል፣ ቪታሚን ሲውም ከአረንጓዴው ይበልጣል፤ በእኩል ሚዛን ቢታይ ከብርቱካንም እጥፍ በላይ ነው። ሀንጋሪያዊው ሳይንቲስት አልበርት ሴንት ጆርጂ በሴጌድ ከተማ ቪታሚን ሲን በብዛት ያወጣው ከዚሁ ከቃሪያ ወገን ነው፣ በ1937 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል።

በጾም ቤታችን የሚወደደው ይህ ነው። ቀዩን ቃሪያ ሙሉውን፣ ሳልቆርጠው፣ ከሰል ላይ አስቀምጠዋለሁ። እያገላበጥኩ ቆዳው በሁሉም በኩል እስኪጠቁርና እስኪነፋ እጠብቃለሁ። ቤቱ ሁሉ የተጠበሰ በቆሎ የሚመስል፣ ግን ጣፈጥ ያለ ሽታ ይሸታል። ከዚያ ድስት ውስጥ ጨምሬ እከድነዋለሁ። አሥር ደቂቃ በራሱ እንፋሎት ሲታሽ ቆዳው በጣት ይገፈፋል። በውሃ አታጥቡት፣ ጣዕሙ ያለው እዚያው ጭማቂው ላይ ነው። የውስጡን ዘር አውጥቼ እጥልና ቃሪያውን በሙቀጫ ከነጭ ሽንኩርትና ከጨው ጋር እወቅጠዋለሁ፣ የኑግ ዘይት ጠብ አደርግበታለሁ። በቃ። በእንጀራም፣ በዳቦም፣ በተቀቀለ ድንች ላይም ይሆናል። ትንሿ ልጄን ከፈረንጅ ቃሪያ ጋር ያስታረቃት ይህ ነው፣ ዳቦዋ ላይ ቀብታ ትምህርት ቤት ትወስደዋለች።

ለሚሞላው ደግሞ አናቱን እንደ ክዳን ቆርጣችሁ ውስጡን አጽዱ። ግማሽ የበሰለ ሩዝ ወይም ድፍን ምስር፣ በቀይ ሽንኩርትና በቲማቲም ቁሌት ለውሳችሁ ሙሉት፣ እስከ አፉ አትድረሱ፣ ሩዙ ያብጣል። ድስት ውስጥ ተጠጋግተው ይቁሙ። ሁለት ጣት የሚሆን የቲማቲም ስልስ ከሥር አድርጋችሁ፣ ከድናችሁ፣ በለስላሳ እሳት 40 ደቂቃ። ስንግ ለምትሠሩ ደግሞ አንድ ነገር፦ የሀበሻ ቃሪያ ማቃጠያው ያለው ዘሩ ላይ አይደለም፣ ዘሮቹ የተጣበቁበት ነጩ ሥጋ ላይ ነው። ዘሩን አራግፋችሁ ነጩን ከተዋችሁት ምንም አልቀነሳችሁለትም። ምርት ሲበዛ ሰንጥቃችሁ ጥሬውን በፌስታል ፍሪዘር ውስጥ አድርጉት፣ መቀቀል አያስፈልገውም።

"የፈረንጅ" የሚለው ስም ሰው እንዲሸሸው አድርጎታል ብዬ አስባለሁ። አማቴ "የኛ ምግብ አይደለም" ይሉ ነበር። በርበሬያችንም'ኮ መነሻው አሜሪካ አህጉር ነው። ከኮሎምበስ ጉዞ በፊት፣ ከ1492 እ.ኤ.አ. በፊት ማለት ነው፣ በዚህኛው የዓለም ክፍል ቃሪያም በርበሬም አይታወቅም ነበር። ማረቆም አላባም ላይ ስሙን የተከለው ገበሬያችን ነው እንጂ ተክሉ ከባሕር ማዶ ነው የመጣው። ይህኛውም የዚያው ወንድም ነው።

የከተማ ግብርና ይስፋፋ እየተባለ ነው፣ በየቦታው ሰው ባገኛት ክፍት መሬት ላይ እየተከለ ነው፣ በጣም ደስ ይለኛል። ግን አንድ እናት ጓሮዋ ላይ የምታወጣው ስድስት ወር ጉልበት፣ ማንበብ በማትችለው ማሸጊያ ላይ ሊንጠለጠል አይገባም። ዘር አስመጪዎችና ሻጮች ይህን ካነበባችሁ የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። የውጩን ማሸጊያ ቀይሩ አላልኩም። አንዲት ተለጣፊ ወረቀት ትበቃለች። ድቅል ነው ወይስ አይደለም። ለደጋ ነው ለቆላ። ቤት ውስጥ ተፈልቶ ነው ወይስ በቀጥታ የሚዘራው። ያቃጥላል ወይስ አያቃጥልም። ዘሩ የታሸገው መቼ ነው። አምስት መስመር፣ በአማርኛም ሆነ አካባቢው በሚናገረው ቋንቋ።

ዝግጅት ክፍሉን ደግሞ የምጠይቀው ስለ ፈረንጅ ቃሪያ የተጻፈውን እንድታስተካክሉና፣ ለደጋ፣ ለወይና ደጋና ለቆላ ለየብቻ የሆነ፣ በኢትዮጵያ ወሮች የተዘጋጀ የጓሮ አትክልት መዝሪያ ሰሌዳ ከባለሙያ ጋር ሆናችሁ በአንድ ገጽ እንድታወጡልን ነው። እኔ ቆርጬ ወጥ ቤቴ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ። ለእማማም አንድ እወስድላቸዋለሁ፣ ስህተት ካለበት እሳቸው ያዩታል። ብቻ ከኅዳር በፊት ይውጣ፣ ታኅሣሥ ላይ ዘር የምናፈላ አለን።

አንባቢያችሁ
ከጉለሌ፣ አዲስ አበባ